በሹካ የሚጠጣ ሩም

ጎንደር ውስጥ ጥቁር ሩም አይጠጣም፤ ይቀመጣል። ከውጭ የመጣ ዘመድ አየር ማረፊያ ይገዛዋል፣ የቤቱ እመቤት ቡፌው ውስጥ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ታቆመዋለች። ከዚያ በኋላ ሥራው እንግዳ መቀበል ነው። ዋጋውም ሳይጠየቅ ይነገራል።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት ግን ጠርሙሱ ተከፈተ። የከፈተው ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣ የወንድም ልጅ ነው። እትዬ አሸተቱና "አረቄ ነው፤ ቀለም ገብቶበት" ብለው ፈረዱ። ብዙም አልተሳሳቱ። ሩም በአብዛኛው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ይጠነሰሳል፣ እንደ አረቄ በእሳት ይወጣል፣ ጥቁሩ ደግሞ በኦክ በርሜል ለዓመታት ይተኛል። መልኩን ከእንጨቱ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ካራሜል ይታከልበታል። ሞላሰስ የሚል ስም ሲነሳ በሬ የሚያደልቡት ጎረቤት ቀና አሉ፦ "ይሄማ የበሬዎቼ ቀለብ ነው! እነሱ ግን አንድም ቀን ሰው አልሰደቡብኝም።"

"በካሪቢያን ሙቀት በየዓመቱ ከበርሜሉ ይተናል፤ የመላእክት ድርሻ ይሉታል" አለ ልጁ። እትዬ ሳቃቸው መጣ። እሳቸው አረቄ ሲያወጡ የመላእክቱን ድርሻ የሚወስዱት በጓሮ በር ነው የሚገቡት፤ በስም ያውቋቸዋል።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በፈረንጆቹ እስከ 1970 ድረስ ለመርከበኞቹ በየዕለቱ ሩም ያድል ነበር። በ1740 አድሚራል ቬርኖን ውኃ ይቀላቀልበት ብሎ አዘዘ። ሰውዬው ቢያንስ በይፋ ነው ያዘዘው፤ እኛ ሰፈር ትእዛዙን መብራት ሲጠፋ የሚፈጽሙ ግሮሰሪዎች አሉ።

ቀጥሎ ኮክቴል መጣ። ዳርክ ኤንድ ስቶርሚ የሚባለው ጥቁር ሩም ከዝንጅብል ቢራ ጋር ነው፤ ሎሚም ይጨመቅበታል። የዝንጅብል ቢራ ስላልተገኘ ልጁ ዝንጅብል ወቅጦ በስኳርና በአምቦ ውኃ በጠበጠው። "ዝንጅብልና ሎሚ? ለጉንፋን ነዋ!" አሉ አንዲት አሮጊት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ጉንፋን ያልያዘው ሰው ጠፋ። በሬ የሚያደልቡት ጎረቤትማ ሁለቴ ያዛቸው።

መጠጥ ላለመጠጣት በንስሐ አባታቸው ፊት የተገዘቱት ጋሼ ብቻ ውኃ ይዘው ጥግ ላይ ቆዘሙ። ልጁ አዘነላቸውና ወጥ ቤት ገባ። ሙዝ በቅቤ፣ በስኳርና በቀረፋ አቁላልቶ ሩም ቢያፈስበትና ክብሪት ቢጭር ነበልባሉ ጣሪያ ሊነካ ተነሳ። እትዬ "በስመ አብ!" ብለው ወደ ውኃ ባልዲው ሮጡ። በፈረንጆቹ 1951 አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ የተፈጠረ ጣፋጭ ነው ቢላቸው ማን ሰምቶት!

ጋሼ ግን ነበልባሉ እስኪጠፋ በትዕግሥት ጠበቁ። "እሳት የበላው መጠጥ መጠጥ አይባልም" ብለው ሹካ አነሡ። ልጁ እንዲህ ለኮሱት ማለት አልኮሉ በሙሉ ሄደ ማለት አይደለም፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል ሊል አፉን ሲከፍት እትዬ እግሩን ረገጡት። ጋሼ ሦስተኛውን ሳህን ጨርሰው ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ፉከራም ጀመሩ።

"ይሄ ነገር ዶሮ ወጥ ውስጥ አይገባም?" ሲሉ ጠየቁ በመሀል።

"ሩሙን እንጃ" አሉ እትዬ ሳህኑን እያነሡ፤ "አረቄውን ግን ይኸው ስንት ፋሲካ እጅዎን እየላሱ በልተውታል።"