ለጋሼ ተሳቢ፣ ካሉበት ጓሮ

ለ፦ ኤም 101 ኤ 2 የጭነት ተሳቢ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የቀድሞ ባልደረባ

ጉዳዩ፦ ጡረታ መውጣትዎን ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሠራዊቱ ራሱ በጨረታ ለእኔ ከሸጠዎ በኋላ እኔ ልንገርዎ ማለቴ ድፍረት ነው። ግን ካልተነገርዎ የሚገባዎ አይመስልም። አሁን ያሉት ቨርጂኒያ፣ ሰው ጓሮ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀውም ሶፋና እንጨት ማመላለስ ብቻ ነው።

ታዲያ ይሄ ኩራት ምንድን ነው? የእኛ የሲቪሎቹ መኪና ከኋላው ያለው፣ ተሳቢ የሚታሰርበት የብረት ኳስ ነው። እርስዎ ደግሞ ያቺን ወፍራም ቀለበትዎን ገትረው፣ የጦር መኪና መንጠቆ ካልቀረበልኝ ንቅንቅ አልልም አሉ። እሺ፣ መንጠቆ ገዛን። ከዚያ መብራት መጣ። አገሩ ሁሉ በ12 ቮልት ሲነዳ እርስዎ 24 ካልሆነ አሉ፣ ሶኬትዎ ደግሞ 12 ቀዳዳ፣ የእኛ መኪና 7። እንደምንም ሽቦ ቀጣጥለን ብንሞክር ያበሩልን የጧፍ ያህል ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው ቅዳሴ የምንሄድ ይመስለዋል።

የመረከቢያው ቀንማ አይነሳ። ከጓደኞቼ አንዱ ትልቁን ትራክ ከስቴት ስቴት የሚነዳ ነው፣ ስለዚህ ሁሉን ያውቃል። ሌላው ምንም አይነካም፤ እጁን ኪሱ ከቶ "ግራ! ግራ አልኩህ እኮ!" ይላል። ሦስተኛው ከሥራ በኋላ ክትፎ አለ ስለተባለ የመጣ ነው (እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሠራው እሱ ነው)። ጎማዎ ተሰነጣጥቋል፣ ታርጋ የለዎትም፣ መብራትዎን አይተናል። ምን ይደረግ፣ ሌላ ተሳቢ ተከራይተን በላዩ ጫንንዎት። መጎተት ሥራዎ ሆኖ ሳለ ተጭነው መጡ! ሀይዌይ 95 ላይ ሽማግሌው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ እጁን ግንባሩ ላይ ሲያደርግልዎ አየሁ። ሰላምታው ለእርስዎ፣ የነዳጁ ሒሳብ ለእኔ።

ታርጋ ለማውጣት ኤስኤፍ 97 የሚባለው፣ መንግሥት ለሸጠው ተሽከርካሪ የሚሰጠው ወረቀት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በራሱ ጊዜ በፖስታ ነው የሚመጣው። በየቀኑ የፖስታ ሳጥን እከፍታለሁ፤ የፒዛ ማስታወቂያ ነው። ሦስት አራተኛ ቶን መሸከም የሚችሉት ጋሼ እስካሁን የተሸከሙት የዝናብ ውሃና የጎረቤቴን ድመት ነው።

ስለዚህ አምፖልዎን እንዲያስቀይሩ፣ የወታደርነት ጠባይዎን እንዲያሻሽሉ፣ ትንኝ ማርባትዎንም እንዲያቆሙ በትህትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ትናንት ማታ "የጦር ጀነሬተር ጨረታ ወጥቷል፣ በነጻ በለው!" ብሎ ለደወለው ጓደኛዬ። መልሴ አይሆንም ነው። ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?