ጳጉሜን የማያውቅ ዳታቤዝ

ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የልደት ቀን በሚመዘገብበት ፊልድ ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን 2016-13-05 ብላችሁ አስገቡ። አይቀበልም፤ እሱ ዘንድ 13ኛ ወር የለም። 2016-02-30ንም ይመልሳል፤ እኛ ጥቅምት 30 ስንል እሱ የሚቆጥረው ፌብሩዋሪን ነው። እነዚህ ስህተቶች ስለሚጮኹ አያስፈሩም። የሚያስፈራው 2016-01-05 ነው። መስከረም 5 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 16፣ 2023 ሆኖ ሳለ፣ ዳታቤዙ ጃንዋሪ 5፣ 2016 ብሎ ዝም ብሎ ይውጠዋል። ሕፃኑ በአንድ ጀምበር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አደገ።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በፕሮግራመሩ ይሳበባል። ጉድለቱ ግን የሜታሞዴል ነው። ፊልዱ «ቀን» መሆኑ ተጽፏል፤ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ የለም። ስለ ፊልዱ የሚነገረው ሁሉ ሜታዳታ ነው፤ ሜታሞዴል ደግሞ ስለ ማንኛውም ፊልድ ምን ሳይነገር መታለፍ እንደሌለበት ይደነግጋል። ሪፖዚተሪው የሁለቱም ማኖሪያ ነው።

ለሜታሞዴሉ መነሻ አራት ክላስ ይበቃል፦ ኢንቲቲ (መረጃ የሚያዝለት ነገር)፣ ፊልድ፣ ዝምድና፣ የዳታ ዓይነት። ሁሉን በአንዴ ለመያዝ አትነሱ፤ አይቢኤም በ1989 እ.ኤ.አ. ኤዲ/ሳይክል ብሎ የድርጅትን መረጃ ሁሉ የሚይዝ ሪፖዚተሪ ለመሥራት ተነስቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትቶታል።

የምትሠሩት ኢክሊፕስ ኢኤምኤፍ በተባለው የሞዴል መሥሪያ ከሆነ፣ የዳታ ዓይነቱ ላይ «አቆጣጠር» የሚል አትሪቢዩት ጨምሩ፤ ዓይነቱ ኢነም (ከተዘረዘሩ ምርጫዎች አንዱን የሚይዝ)፣ ሎወር ባውንዱ 1፣ ማለትም ግዴታ የሚሞላ። አለቀ ብላችሁ ግን አትነሱ። ኢኤምኤፍ ዋጋ ላልተሰጠው ኢነም የመጀመሪያውን ምርጫ ራሱ ይወስዳል። «ጎርጎርዮሳዊ» ከላይ ከተቀመጠ፣ ማንም ያልመረጠው አቆጣጠር እንደተመረጠ ይቆጠራል፤ ሞዴሉን የሚፈትሸው ቫሊዴሽንም ትንፍሽ አይልም። ሞዴሉ የሚቀመጥበት ኤክስኤምአይ ፋይል ነባሪውን (ሳይመረጥ የሚወሰደውን) ዋጋ ስለማይጽፈው ከፍቶ ያየ ሰው እንኳ አያገኘውም። መፍትሔው አትሪቢዩቱን አንሴተብል፣ ማለትም «ገና አልተሞላም» ሊባል የሚችል ማድረግ ነው፤ ያኔ ሳይሞላ የቀረው ሁሉ በቫሊዴሽን ይያዛል።

ከዚያ ቴብል የሚፈጥረው ስክሪፕትም ሆነ ቀን የሚቀይረው ኮድ በየቢልዱ ከሪፖዚተሪው በጀነሬተር (ኮድ በሚጽፍ ፕሮግራም) ይውጣ። አንዱን ፋይል በእጅ ከነካችሁት፣ ሪፖዚተሪው በሳምንቱ ማንም የማያምነው ሰነድ ይሆናል፤ የብዙዎቹ አሟሟት እንዲህ ነው።

የአትሪቢዩት ስም ስትቀይሩ የድሮ ፋይሎች አልከፈት ይላሉ። ስለዚህ የፓኬጁ (ክላሶቹ የተሰበሰቡበት) መለያ አድራሻ፣ ኤንኤስ ዩአርአይ፣ የቨርዥን ቁጥር ይኑረው፤ የድሮውን ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር ስክሪፕትም ከለውጡ ጋር አብሮ ይግባ። ቴስት ስትጽፉ ጳጉሜ 6ን አትዝለሉ፤ በ2015 ነበረች፣ በ2019 ትመለሳለች።