«አፍህን ዝጋ» ሕክምና አይደለም

በጣም የወፈረ ሰው «አፍህን ዝጋ» የተባለበትን ቀን ልቁጠር ቢል ቁጥሩ ይጠፋበታል። ዘመድ ይለዋል፣ የሥራ ባልደረባ ይለዋል፣ አንዳንዴም ሐኪም ይለዋል። ይኸው ሰው ዳይቱም ስፖርቱም አልሆን ብሎት «ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ላደርግ ነው» ሲል ደግሞ ሌላ ወሬ ይመጣል። «አቋራጭ ፈለገ» ይባላል። «ትንሽ ቢጠነክር ኖሮ ለዚህ ባልደረሰ» ይባላል። ይሄ ወሬ ያናድደኛል። ሰው ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም፤ ስህተትም ስለሆነ ነው።

ክብደት ስንቀንስ ሰውነታችን ዝም ብሎ አያይም። ረሃብ የገባ ይመስለዋል። ከጨጓራ የሚመነጨውና «ራበኝ» የሚያሰኘን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ከፍ ይላል። ከስብ የሚመነጨውና ለአንጎል «ስንቅ አለ፣ አትስጋ» የሚለው ሌፕቲን ደግሞ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሰውነት ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት፣ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ መልሶ መረመረ። ከቀነሱት ክብደት አብዛኛው ተመልሷል። ሰውነታቸው በእረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ካሎሪ ግን ከሚጠበቀው በቀን 500 ገደማ ያንስ ነበር። ስድስት ዓመት አልፎም ሰውነታቸው ገና እየቆጠበ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ማታ የሚታገለው ከገዛ ሰውነቱ ጋር ነው። «ጠንክር» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል?

ቀዶ ሕክምናው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሥራው ጨጓራን ማጥበብ ብቻ ይመስለዋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ሥራው ሆድ ላይ በሚከፈቱ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያልቃል። ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ስለዚህ ቦታው ብቻ ሳይሆን ረሃቡም ይቀንሳል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ኪስ ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ያኔ የአንጀት ሆርሞኖች ይለወጣሉ። ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ክብደታቸው ገና ሳይወርድ፣ በቀናት ውስጥ ስኳራቸው መስተካከል የሚጀምረው በከፊል ለዚህ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ስለ ጉዳዩ የነበረኝ አስተሳሰብ የተቀየረው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኤድዋርድ ሜሰን የተባሉ ቀዶ ሐኪም በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ባይፓስን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ጥናት ደግሞ 2,000 ገደማ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ካላደረጉ አቻዎቻቸው ጋር እያነጻጸረ ለዓመታት ተከታትሏል። ያደረጉት ላይ ሞትም፣ አዲስ የስኳር ሕመምም አንሶ ተገኝቷል።

ታዲያ ለማን ነው? የሚታየው ቢ.ኤም.አይ. (BMI) የሚባለው ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ነው። አወጣጡ ቀላል ነው፤ ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፣ ለዚያ ማካፈል ነው። 1 ሜትር ከ65 የሆነ 110 ኪሎ ሰው 40 ገደማ ይመጣለታል። ለረጅም ጊዜ መስፈርቱ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ መኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ማኅበራት 35 ከሆነ ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም በቂ ነው ብለዋል።

አሁን «አቋራጭ» ወደተባለው እንምጣ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለችውን የመጀመሪያ ቀን አስቧት። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጧል። እጁ ላይ የመድኃኒት መለኪያ የምታክል ኩባያ አለች። ውስጧ ውሃ አለ። በአንዴ መጨለጥ አይችልም፤ ፉት ይላል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ፉት ይላል። ያቺን ጨርሶ ሌላ ይቀዳለታል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይሄ ነው። ቀጥሎ ለሳምንታት ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። ጠጣር ምግብ ሲጀምርም እያንዳንዷን ጉርሻ እስክትልም ማላመጥ አለበት። እየበሉ መጠጣት የለም፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ባይፓስ ያደረገ ሰው ጣፋጭ ነገር ከደፈረ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ጋደም ማለት ያምረዋል። ቫይታሚን፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቢ12 ደግሞ የዕድሜ ልክ ጓደኞቹ ናቸው። ይሄ ነው እንግዲህ አቋራጩ!

አደጋ የለውም አልልም። ልምድ ባለው እጅ ሲሠራ ለሞት የሚዳርገው ከስንት አንዱን ነው። ግን የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ፣ ደም ሊረጋ ይችላል። ቆይቶም የሐሞት ጠጠር ሊመጣ ይችላል፤ ስሊቭ ያደረጉ አንዳንድ ሰዎች ቃር ይብስባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፀጉር ይሳሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል። ሴቶች ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲያቆዩ ይመከራሉ። ክብደቱ በከፊል የሚመለስባቸውም አሉ። ማስመለስ አልቆም ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የቢ1 እጥረት በሳምንታት ውስጥ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ነው «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ለጥፎ ብቻ የሚያስተዋውቅ ክሊኒክ የሚያስፈራኝ። በሁለቱ ፎቶዎች መሃል ያለው ዓመት የት ሄደ? ወደዚህ ሕክምና የሚያስብ ሰው ቀዶ ሐኪሙን «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ከማለቱ በፊት «ከዓመት በኋላ ደሜን ማን ይመረምራል? የምግብ ባለሙያ አላችሁ? ጭንቀት ቢይዘኝ ማንን አናግራለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ጥርት ያለ መልስ ካላገኘ ሌላ ቦታ ይሞክር።

እንደ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ያሉት አዳዲስ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችስ? ጥሩ ናቸው፤ ለብዙ ሰው ይበቃሉ። ሲቆሙ ግን ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ለማን የቱ እንደሚሻል የሚወሰነው ከሐኪም ጋር ነው።

ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። ትናንት «አፍህን ዝጋ» ሲባል የኖረው ሰው፣ ዛሬ ገበታ ላይ ሦስት አራት ጉርሻ በልቶ ሲያቆም «ምነው? ብላ እንጂ!» ይባላል። በልቷል። ለሱ ምሳ ማለት ያቺው ናት።