ማስተካከያ፦ የፊርማ ፎቶ ዲጂታል ፊርማ አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ ተሳስቻለሁ። «ወረቀት ላይ ፈርሙ፣ በስልክ አንሱት፣ ውሉ ላይ ለጥፉት፤ ዲጂታል ፊርማ ማለት ይኸው ነው» ብዬ ነበር። አይደለም።

ስህተቴን ያየሁት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ምክሬን ሰምተው ያዘጋጁትን የኮንዶሚኒየም ሽያጭ ውል በስልካቸው አሳዩኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የፈረሙት ፊርማ ከነጠረጴዛ ልብሱ አበባ ተለጥፏል። ያንን ፎቶ ማንም ቆርጦ ሌላ ውል ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ደነገጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እናንተንም እጠይቃለሁ።

ትክክለኛው ዲጂታል ፊርማ የሚሠራው ፈራሚው ብቻ በሚይዘው ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ማለትም በምስጢር በሚጠበቅ የኮምፒውተር ኮድ ነው። ከተፈረመ በኋላ ሰነዱ ላይ አንዲት ፊደል ብትነካ ሲጣራ ይታወቃል። አገራችንም ለዚሁ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አላት።

ሌላው፣ በቪዲዮ ከርቀት ሰነድ ያረጋግጣሉ ያልኳቸው ኖተሪዎች የአሜሪካ ናቸው። የቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ትፈቅዳለች። እኛ ዘንድ የቤት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ መንገዱ ቢርቅም፣ የታክሲው ሰልፍ ቢያስመርርም፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ቀብድ እንዳትከፍሉ።