በማርያም፣ ዝም በሉልን!

ትርጉም ፊልም የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ አንዳንዴ እንኳ ዝም ብትሉን ምናለበት?

ሰሞኑን «ላ ፋሚል ቤሊዬ» የሚባለውን የፈረንሳይ ፊልም ከእማዬ ጋር ልይ ብዬ በአማርኛ የተተረከውን አወረድኩ። እማዬ ሰብታይትል ይፈጥንባታል። መነጽሯን እስክታስተካክል ሰዎቹ ተጣልተው ታርቀዋል። ስለዚህ ትርጉም ለእኛ ቤት ባለውለታ ነው፣ አልክድም። ግን እንዲህ አይደረግም!

ፊልሙ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የወጣ፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው። ኤሪክ ላርቲጎ ነው ያዘጋጀው። ፖላ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ አለች። ቤተሰቡ ገጠር ከብት እያረባ፣ አይብ እየሠራ ገበያ ይሸጣል። አባቷ፣ እናቷና ታናሽ ወንድሟ መስማት የተሳናቸው ናቸው። የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ስልኩም ገበያውም በእሷ በኩል ነው። ሐኪም ቤት ሳይቀር! ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ለተወሰነ ጊዜ አልጋ ለዩ ሲላቸው፣ ይህንን በምልክት ቋንቋ የምታስረዳቸው ይቺው ምስኪን ልጅ ናት። የእኛ ተራኪ «ዶክተሩ መድኃኒት አዘዘላቸው» ብሎ አለፈው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እማዬ «ምን ያስቅሃል?» አለች። እስቲ ምን ልበላት? እንደ ፖላ ደፋር አይደለሁም።

ይሁን፣ ይህንንስ ለጨዋነት ነው እንበል።

ፖላ ድምፀ መረዋ ናት። የሙዚቃ መምህሯ ፓሪስ ሄዳ እንድትፈተን ይገፋፋታል። ወላጆቿ ግን ድምፅዋን አይሰሙትም። ትምህርት ቤት ባለው ዝግጅት ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ስትዘፍን አዘጋጁ ምን አደረገ? ድምፁን ቆረጠው። ጭጭ! የልጅቷ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። እናትና አባት ዞር ዞር እያሉ የሰዉን ፊት ያነባሉ። ማን ፈገግ አለ? ማን አለቀሰ? ለዚያች አፍታ አንተም እንደነሱ ትሆናለህ። የፊልሙ ነፍስ እዚህች ጋ ናት።

ተራኪያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተመልካቾቻችን፣ ድምፁ የጠፋው ከእናንተ ስልክ አይደለም!» ከዚያ ከሥሩ ክላሲካል ለቀቀበት። ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ! ኧረ በፈጠረህ!

መጨረሻ ላይ ፖላ ፈተናው ላይ የሚሼል ሳርዱን የ1978 ዘፈን ትዘፍናለች። ልጅ ከቤት ሲወጣ ወላጆቹን የሚሰናበትበት ዘፈን ነው። መሀል ላይ እጇን አንስታ ለወላጆቿ በምልክት ትነግራቸው ጀመር። እዚህ ጋ ዘፈኑን ቀንሶ አወራበት። ይህንንስ ኮፒራይት ፈርቶ ይሆናል። የዩቲዩብ ነገር ይታወቃል። ዝምታ ግን ኮፒራይት የለውም!

ከሁሉ ያናደደኝን ልንገራችሁ። ከታች የነበረውን ሰብታይትል በቻናሉ ሎጎና በስልክ ቁጥር ሸፍኖታል። መስማት የተሳነው ሰው ይህንን ፊልም ቢከፍት አንድም ነገር አይገባውም። ስለ እሱ የተሠራውን ፊልም ማለቴ ነው! ፈረንሳይ ውስጥም መስማት የተሳናቸው ሰዎች እናትና አባት ሆነው የሠሩት ካሪን ቪያርና ፍራንሷ ዳሚየን የሚሰሙ ሰዎች ናቸው ብለው አምርረው ተችተዋል። እውነታቸውን ነው። አሜሪካኖቹ በ2021 «ኮዳ» ብለው እንደገና ሲሠሩት የአባትየውን ቦታ ለትሮይ ኮትሰር ሰጡት። እሱ ራሱ መስማት የተሳነው ነው፣ ኦስካርም ወሰደበት። የእኛዎቹ ጭራሽ የቀረችውን ጽሑፍም ለማስታወቂያ አዋሏት።

እማዬ ግን ፊልሙን ወዳዋለች። «ክፍል ሁለቱን መቼ ነው የምታወርድልኝ?» እያለች በየቀኑ ትነዘንዘኛለች። ተራኪው ሲጨርስ «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብሏታላ!

ክፍል ሁለት የለውም!