«ውለታ መለሰ» ሲባል የሚዘጋ ሒሳብ

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ ሲያጠልቁለት ቲቦር ሩቢን የ76 ዓመት አዛውንት ነበር። ሽልማቱን ያስገኘለት ተጋድሎ የተፈጸመው ግን በኮሪያ ጦርነት፣ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ ሲጀምር ነው።

ሩቢን የሃንጋሪ አይሁዳዊ ነው። በልጅነቱ ናዚዎች ማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ከተቱት፤ ወላጆቹ በጭፍጨፋው አለቁ፤ እሱን በግንቦት 1945 የአሜሪካ ወታደሮች ደረሱለት። በ1948 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ለውትድርና ሲመዘገብ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ፈተና ወድቆ፣ በ1950 ተሳክቶለት፣ ዜግነት ሳይኖረው በ8ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት (ፈረሰኛነቱ በስም ብቻ ነው፤ የሚዋጋው በእግረኛነት ነበር) ኮሪያ ዘመተ።

የዘመተው ነፃ ላወጡት ወታደሮች ውለታ ለመመለስ እንደሆነ ራሱ ይናገር ነበር። እሱ ቢለው ያምርበታል፤ እኛ ስንለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የአሜሪካን ሠራዊት የተቀላቀለ የእኛ ልጅም «ያስጠጋችህን አገር ውለታ መለስክ» ተብሎ ቢመረቅ ማንም አይደንቀውም። አገልግሎቱ ብድር መክፈል ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋል፤ አገሪቱ በበኩሏ ለወታደሩ ምን እንዳለባት የሚጠይቅ አይኖርም።

ሩቢን ጓዶቹ እንዲያፈገፍጉ አንድ ኮረብታ ለ24 ሰዓት ብቻውን ይዞ ተዋግቷል። አዛዦቹ ለሜዳሊያ እንዲታጭ ቢያዙም፣ ጓዶቹ በመሐላ እንደመሰከሩት፣ ወረቀቱን ማዘጋጀት የነበረበት የበታች ሹም አይሁዶችን ይጠላ ስለነበር ሳያስተላልፈው ቀረ፤ ያዘዙትም አዛዦች በውጊያ ወደቁ።

በዚያው በ1950 መገባደጃ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ኡንሳን ላይ ቻይናውያን ሲያጠቁ፣ መትረየስ ይዞ ሌሎቹን ሲሸፍን ቆስሎ ተማረከ። ሌሊት ሌሊት ከምርኮኞች ካምፑ እየሾለከ ከጠላት ጎተራና ጓሮ ምግብ ይሰርቅ ነበር፤ ቢያዝ ይገደላል። ራሱን ቀና ማድረግ ካቃተው ምርኮኛ ገላ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቅማል ሲለቅም ያየው ጓደኛው መስክሯል። ይህን ያሠለጠነው ሠራዊቱ አይደለም፤ ከማውትሃውዘን ይዞት የመጣ ዕውቀት ነው። ቻይናውያኑ ወደ ሃንጋሪ እንመልስህ ሲሉት እምቢ አለ። እስከ 40 የሚደርሱ ምርኮኞች በእሱ እንደተረፉ የሜዳሊያው ምስክር ወረቀት ይናገራል። ስደተኛው ለሠራዊቱ ያመጣለት፣ በየትኛውም ማሠልጠኛ የማይገኝ ነገር ይህ ነው፤ በውለታ ሚዛን ግን አይመዘንም።

ከምርኮ በተፈታበት በ1953 ዜግነት ተሰጠው። ለአገሪቱ ጉዳዩ ያለቀው ያኔ ነው። ፋይሉ እንዲከፈት ለዓመታት ሲወተውቱ የኖሩት በሰረቀላቸው እህል ነፍሳቸው የተረፈ ምርኮኞች ናቸው።