መብራት እስኪመጣ አትቀመጡ

የደሴ ልጆች፣ የኮምቦልቻ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ሥራዬም ይፈቅድልኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠገንና ሞተር መጠምጠም ከጀመርኩ 30 ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከሸዋ በር እስከ ሆጤ፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ያልገባሁበት ግቢ ጥቂት ነው። የሰው ቤት ምን እንደጎደለው ጓዳ ድረስ ገብቼ አያለሁ።

ባለፈው ዓርብ ማታ፣ ጎጆ ከወጡ ዓመት ያልሞላቸው ባልና ሚስት ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ ምጣዱ አልሞቅ አለ።» ሄድኩ። ሊጡ በባልዲ ሞልቶ ክዳኑን ገፍቶ ወጥቷል። ምጣዱን ገለበጥኩት። ጀሶው ተሰንጥቋል፤ ሬዚስታንሱ ሶኬቱ ጋ ጠቁሮ ተበጥሷል። መለዋወጫ አውጥቼ ልጀምር ስል መብራቱ ራሱ ድርግም አለ። ሦስታችንም በስልክ ብርሃን ተያየን።

«ምድጃ አላችሁ?» አልኩ። የለም። «ከሰልስ?» አልቋል። «እሺ፣ ከጎረቤት የእንጨት ምጣድ ያለው ማነው?» ልጁ አንገቱን ደፋ። አያውቅም። እዚያ ግቢ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖረውን ሰው ስም አያውቅም።

ወጣሁና ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ። ጓሯቸው ውስጥ ምርት የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ተክለዋል። ከጎኑ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ተደርድሯል። ነገሩን ስነግራቸው «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? አምጡት እንጂ ሊጡን!» አሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንጀራው ተጋግሮ አልቆ ቡና ተፈልቶ ነበር። እኒያ እናት ስኒ እያቀበሉ ልጁን አዩትና «ስምህ ማነው የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቁት። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው።

ይሄን የማወራው ልጁን ለማሳፈር ብዬ አይደለም። ጥፋቱ የኔም ነው። ለስንት ዓመት ለደንበኞቼ «ምድጃውን ጣዪው፣ ጭስ ምን ያደርግልሻል» ስል ኖሬያለሁ። ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ እሱ እውነት ነው። ግን አንዱን በር ስከፍት ሌላውን ማስዘጋቴ ስህተት ነበር። እናንተም ዛሬ ኑሯችሁን በሙሉ በአንድ ገመድ ላይ ሰቅላችኋል። የምቆጣው ለዚህ ነው።

ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ውሃው የክረምት ዝናብ ነው። ክረምቱ ሲሳሳ ግድቡ ይጎድላል። የዓባይ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከደመወዛችንም ከመቀነታችንም ፈትተን አዋጥተንበታል። የዚያን ቀን እንደሁላችሁም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨ ኃይል እናንተ ምጣድ እስኪደርስ ስንት ማማ፣ ስንት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስንት ትራንስፎርመር ያልፋል? አንዱ ከታመመ ሰፈሩ ይጨልማል። ዋጋውም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል። ብዙ የተጠቀመ ሰው ደግሞ ለአንዷ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍ ይላል። ነዳጁማ ሙሉ በሙሉ የውጭ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ነው የሚደርሰን።

ይሄ የሩቅ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁ። በ1966 መጀመሪያ አረቦችና እስራኤል ተዋጉ። የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ በበርሜል ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በየካቲት መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ላይ 50 በመቶ ጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መምህራኑ፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ተከታተለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም። በዚያው ወቅት የኛው ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። ግን እዩት፣ ሲና በረሃ ላይ የተተኮሰ ጥይት አራት ኪሎ ደረሰ። ዛሬ ደግሞ ከዚያን ጊዜ በብዙ እጥፍ በነዳጅ ላይ ተደግፈናል።

የራሳችንንም ዘመን አትርሱት። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ያየነውን ታውቃላችሁ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። እኛ ግቢ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ስንዴ ነበር። ወፍጮ ቤት ግን አይሠራም። ስንዴ ይዘን ልንራብ ነበር። ሦስተኛ ቤት ያሉ አንዲት አሮጊት የእናታቸውን የድንጋይ ወፍጮ እንደ ቅርስ አስቀምጠው ኖሯል። አወጡት። መጁን ይዘው ተንበረከኩ። በግቢው ካሉት ሰባት ወጣት ሴቶችና ወንዶች አንድም መጅ የያዘ አልነበረም። አሮጊቷ የአንዷን ልጅ እጅ በእጃቸው ይዘው «ከትከሻሽ ግፊ፣ ከክንድሽ አይደለም» እያሉ ሲያስተምሯት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ መዳፏ ተልጦ በነጠላ ቁራጭ አስራ ትፈጭ ነበር። ያን ሰሞን የግቢው ሰው የበላው በእሷ መዳፍ ነው። እንጨትም የማይፈልግ፣ መብራትም የማይጠይቅ ምግብ እንዳለን ያስታወስኩት ያኔ ነው። አንድ ማሰሮ በሶ ያለው ቤት በጨለማ አይራብም። ጭኮ ያለውማ እንግዳ ያስተናግዳል። እናንተ ግን በሶን የገጠር ምግብ አድርጋችሁ ንቃችኋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ከማውቀው፣ ከምጣዱ ልጀምር።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ያ ማለት 9 ዋት የሆኑ ከ380 በላይ አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር 100 ኪሎቮልት አምፔር፣ ማለትም ቢበዛ 100,000 ዋት የሚሸከም ቢሆን፣ 30 ምጣድ እኩል ሲሰካ ከአቅሙ በላይ ነው። ዓርብ ማታ ሁሉም ቤት ይጋግራል። ከዚያ «ቧ!» ይላል፣ ይጨልማል፣ ሁሉም በረንዳ ላይ ወጥቶ ያማርራል። እስቲ ተነጋገሩ። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ አለን አይደል? ለሞት የሚሰበሰብ ቅሬ ለእንጀራ መሰብሰብ ያቅተዋል? ከላይ ያለው መንገድ ማክሰኞ ይጋግር፣ ከታች ያለው ሐሙስ። ሁለት ጎረቤት በአንድ ምጣድ ተከታትሎ ቢጋግር ደግሞ ምጣዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሞቀው። የመጀመሪያው እንጀራ እስኪወጣ የሚባክነው ኃይል ብዙ ነው። አብሮ መጋገር እሱን ያተርፋል፤ ጎረቤትን ማወቅም ይጨመርበታል። ወጣቶች ቅሬ የሽማግሌ ጉዳይ ነው ትላላችሁ። ግቡበት። ሐሳቡን እናንተ አንሱት። ሽማግሌዎቹ እሺ እንደሚሉ አልጠራጠርም።

ምጣዱን በማከፋፈያ አትሰኩት። 16 አምፔር የሚስብ ነገር በቀጭን ገመድ ሲሄድ ገመዱ ይቀልጣል። ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ከምጣዱ ጎን አንድ ምርት ምድጃ ይኑራችሁ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ቅርጽ ማውጫ፣ ሲሚንቶና ቀላል ድንጋይ ይበቃል። ሥራ አጣን የምትሉ ልጆች ሦስት አራት ሆናችሁ ብትሠሩት ገዢ አለው። ከሰል ላይ ግን ልጠንክርባችሁ። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው መንገድ እስኪወጣ ስድስት ሰባት ኪሎ እንጨት ይነዳል። ከቆላ በማዳበሪያ ተጭኖ የሚመጣው የግራር ዛፍ ነው። ደሴ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ሲገባ ደግሞ ምን ታደርጋላችሁ? በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ ትተኛላችሁ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። እንቅልፍ እንደወሰደን ይወስደናል። ሁለት ተማሪዎች ተከራይተው በሚኖሩባት ክፍል ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ካልሲ ደርቡ፣ ከሰሉን ውጭ አውጡት።

አሁን ደግሞ ቤንዚን በሃይላንድ ለምትሸጡት። አውቃችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ያሳደግኳችሁ ልጆች ናችሁ። ማደያ ሰልፍ ታድራላችሁ፣ ቀድታችሁ መንገድ ዳር በእጥፍ ትሸጣላችሁ። የምትሸጡት ለማን ነው? ለዚያው ለሰፈራችሁ ባለ ባጃጅ ነው። እሱ ታሪፉን ይጨምራል፤ የሚከፍለው ደግሞ የናንተው እናት ናት፣ ከገበያ ስትመለስ። የቀረውን ጀሪካን አልጋ ስር ታስቀምጣላችሁ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል እየሄደ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጋ ይደርሳል። እሳቱ ጀሪካኑን ፈልጎ አይመጣም፤ እንፋሎቱ ራሱ እሳቱን ይጠራዋል። እባካችሁ ተዉት። ችግር የሚሸጥ ሰው ችግሩ እንዲያልቅ አይመኝም፤ ልቡ እንዲያ እንዲሆን መፍቀድ የለበትም።

ባጃጅ በብድር ለመግዛት የምታስቡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሊትሩ አሁን ካለበት በግማሽ ቢጨምር ዕዳችሁን ትከፍላላችሁ? ማደያው ለሁለት ሳምንት ቢደርቅስ? መልሱ «አላህ ያውቃል» ወይም «እግዜር ያውቃል» ብቻ ከሆነ አትፈርሙ። በ2016 መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። የኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው። እሱም ቢሆን ከኮምቦልቻ ደሴ ስትመጡ ሐረጎን መውጣት አለበት፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ርቀት የሜዳ ርቀት ነው። ጭናችሁ ሐረጎን ሳትሞክሩት ብር አትቁጠሩ።

እነዚህን መኪኖች የሚጠግን እጅ ግን ከተማችን ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። ባትሪ መመርመር፣ ኢንቨርተር መክፈት፣ ሞተር መጠምጠም፣ ሶላር መዘርጋት ተማሩ። መብራት ቢበዛም ይህን የሚያውቅ ይፈለጋል፣ ቢጠፋም ይፈለጋል። ስለ ሶላር ግን ማንም አያታልላችሁ። 100 ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ400 እስከ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮ፣ ለፀጉር መቁረጫ ይበቃል። ምጣድ ለአንድ ሰዓት ለማስነሳት የአንድ ሳምንቱን ምርት ትበላላችሁ። ስለዚህ ለብርሃን ፀሐይ፣ ለእንጀራ ሌላ በር። ደስ የሚለው ደግሞ ፀሐያችን የሚበረታው ከመስከረም በኋላ፣ ግድቦቹ መጉደል ሲጀምሩ ነው።

የመጨረሻዋን ነገር በቀስታ ልበላችሁ። መብራት ሲጠፋ የት እንደምትቀመጡ አያለሁ። ደረጃ ላይ፣ በርጫ ላይ፣ ባትሪው 4 በመቶ የቀረ ስልክ ይዛችሁ። «ምን ይሠራል፣ መብራት የለም» ትላላችሁ። የጦሳ ተራራ እርከን በአካፋና በዶማ ነው የወጣው። መብራት አልጠየቀም። እዚያ የምታዩት ዛፍ ችግኝ ሆኖ በሰው ጀርባ ነው የወጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አቆማለሁ። ሱቁ ግን ክፍት ነው። አራት የተቃጠሉ ምጣዶችና ሁለት የውሃ ፓምፕ ሞተሮች ለመማሪያ አስቀምጫለሁ። የዓርቡ ልጅ እመጣለሁ ብሏል። ክፍያ የለም። ፒንሳና ቴስተር ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። ሴቶች ልጆችም ኑ። መብራት ቢጠፋም እንሠራለን፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ እስከ 12 ሰዓት ብርሃን አለ።